በስልክ ለተከፈተ ሱቅ ዋሱ ማን ነው?

በደገሀቡር ለነጋዴ ሴቶችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ዲስኩር



ከጅግጅጋ እዚህ ድረስ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ልብሱን፣ ስኳሩን፣ ሽቶውን ጭናችሁ ስትመላለሱበት ኖራችኋል። ስለዚህ ንግድ ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ ብሞክርም ትስቁብኛላችሁ። የመጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ሱቃችሁ ከገበያው ተነስቶ ስልክ ውስጥ ሲገባ ለገዢዋ ዋስ የሚሆናት ማን ነው?

በየስብሰባው የኢንተርኔት ንግድ ትናንት የመጣ ነገር ተደርጎ ይወራል። ለዚህ አካባቢ ሴት አዲሱ ነገር ስልኩ ነው፤ ሥራው ግን የቆየ ነው። ሳያዩ ማዘዝ፣ ሳይገናኙ መሸጥ፣ ገንዘብን በሐዋላ ድንበር ማሻገር እዚህ ማንም ያልሰማው ጉድ አይደለም። ድንበር ላይ ወጃሌ የምትነግድ ሴት ሀርጌሳ ካለች ደንበኛዋ ዕቃ በቃል ታስመጣ ነበር፤ ሒሳቡም በቃል ይያዛል፣ በቃል ይወራረዳል። ደረሰኝ የጠየቀን ሰው እንዲያውም "አታምነኝም ወይ?" ብለው ይቀየሙት ነበር።

ሴቶቻችን ወደዚህ ንግድ የገቡት ሁሌም ወደው እንዳልሆነ ደግሞ እናስታውስ። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሰበብ የአፍሪካ ቀንድን ከብት አላስገባም ስትል፣ እገዳው ለዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። በበርበራ በኩል ይወጣ የነበረው በግና ፍየል ገዢ አጣ። ከዚያ በኋላ ድርቁ መጣ፤ የ2008 እና የ2009 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም ከ2013 ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ የቀረበት። ከብቱ ሲያልቅ ቤቱን የያዘው የእናትየዋ መደብ ነው፤ ሻዩ፣ ወተቱ፣ ልብሱ፣ ቤንዚኑ ሳይቀር። እንግዲህ "ሴቶችን ወደ ንግድ እናምጣ" የሚል ፕሮጀክት ይዞ ወደዚህ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ይህን ታሪክ ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ከዚሁ አካባቢ ተነስተው የርቀት ንግድን ያስፋፉም አሉ። ጅግጅጋን መነሻዋ አድርጋ፣ 571 በሚባለው ድርጅቷ ጫት ወደ ሶማሌላንድ በመላክ ስሟ የናኘውን ሱሁራ እስማኤልን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ስለ ጫቱ ቅሬታ ያለው ይኖራል፤ እኔም አለኝ። ሥራውን ግን በነጋዴ ዓይን እዩት። ጫት ካደረ ዋጋ የለውም። ጠዋት የተቆረጠው በዚያው ቀን ድንበር ተሻግሮ መድረስ አለበት፤ የሚቀበለው ሰው የታመነ፣ የሚያደርሰው ሹፌር የታመነ፣ ገንዘቡን የሚመልሰው የታመነ መሆን አለበት። አንዱ ከተበጠሰ ሁሉም ይበሰብሳል። ስልክ ላይ ልብስ የምትሸጥ ልጅም ከዚህ የተለየ ሥራ የላትም፤ ልብሱ ማደሩ ብቻ ይሻላታል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የድሮ ነጋዴ ማንን ይዞ ነበር የማያውቀው አገር የሚገባው? አባኑን ይዞ ነው። ሽማግሌዎቻችሁ ይነግሯችኋል፤ ከዘይላም ይሁን ከበርበራ የተነሳ ሲራራ ነጋዴ በሚያልፍበት ጎሳ አገር አባን ሳይይዝ አይንቀሳቀስም ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ወደ ሐረር ሲጓዝ ያለ አባን መንገድ እንደሌለ አይቶ ጽፏል። አባን ድርሻውን ይወስዳል፤ በምላሹ ነጋዴው ቢዘረፍ ወይም ቢካድ ተጠያቂው እሱና ወገኖቹ ናቸው። ዛሬም እዚሁ የከብት ገበያችሁ ውስጥ ደላላው ሥራው ዋጋ ማስማማት ብቻ ነው? አይደለም። "ይህ ግመል የተሰረቀ አይደለም፣ ሻጩን አውቀዋለሁ" የሚለው እሱ ነው። ነገ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ የሚጠሩት እሱን ነው።

ስልኩ ይህን ሰው አስወጣው። ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ተገናኙ ይባላል እንጂ የተገናኙት ሁለት ፎቶዎች ናቸው። ፎቶ ደግሞ ጎሳ የለው፣ ሽማግሌ የለው፣ ቤቱ አይታወቅ። በቴሌግራምና በቲክቶክ ለሚነግዱ ሴቶች ትልቁ ችግር የኔትወርክ ወይም የገንዘብ እጥረት ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ከሁለቱ በላይ ግን ዋስ ማጣቱ ይገድላቸዋል። ገዢዋ አንድ ጊዜ ከተታለለች ሁሉንም የስልክ ሱቅ ትጠላለች። አንዷ ያበላሸችውን አሥሩ ይከፍሉታል።

ዋሱን መልሳ ያመጣች አንዲት ነጋዴ ጅግጅጋ ላይ አይቻለሁ። ሱቅ የላትም። ያላት መጋረጃ የተጋረደበት አንድ ክፍል፣ ጥግ ላይ የተቆለለ የዲራዕና የባቲ ልብስ፣ ኡንሲ የሚባለው ዕጣን ጣሳዎች፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ከዚሁ ከደገሀቡር የድምፅ መልእክት ገባ፤ "ኤዶ፣ ወርቃማው ስንት ነው? ሰርጉ ጁምዓ ነው።" ሴትየዋ ዋጋውን ከመናገሯ በፊት ጨርቁን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ፀሐይ ላይ ዘርግታ ቀረጸችው። ጠርዙን ገልብጣ ስፌቱን አሳየች፣ መዳፏን ከጨርቁ ሥር አስገብታ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አሳየች፣ ሜትር አውጥታ ርዝመቱን ለካች። "ቤት ውስጥ በመብራት የተነሳ ቀለም ይዋሻል፤ እዚያ ደርሶ ሌላ ሆኖባት ከምትረግመኝ አሁኑኑ ትየው" አለችኝ። ከዚያ ዋጋውን ነገረቻት። ልጅቷ ተከራከረች፣ ትንሽ ተቀነሰላት፣ ግማሹን በስልክ ገንዘብ መላኪያው በሄሎካሽ ላከች፤ ቀሪው ዕቃው እጇ ሲገባ።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልብሱን በፌስታል ጠቅልላ በፕላስተር አሸገች፣ ስምና ስልክ በእስክሪብቶ ጻፈች፣ ወደ መናኸሪያ ይዛው ሄደች። ለሹፌሩ ስትሰጥ የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አነሳች፤ የሹፌሩን ስልክ ቁጥር በድምፅ አስነገረችው። ሁለቱንም ለገዢዋ ላከች። ልብ በሉ፤ ሹፌሩ ስለ ዲራዕ ምንም አያውቅም። ነገር ግን ነገ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል፤ ስሙ መናኸሪያ ላይ ይታወቃል። እሱ ነው አባኑ። ሴትየዋ ይህን ከሥልጠና አላገኘችውም። ከእናቷ የወረሰችውን ጥንቃቄ ወደ ካሜራ አዛወረችው እንጂ።

ለዚህ ነው "ዋጋው በውስጥ መስመር" የሚለውን ልማድ የምጠላው። አዲስ አበባ ያሉ የቴሌግራም ነጋዴዎች አመጡት፣ ጅግጅጋም ደረሰ። ዋጋ የሚደበቀው ገዢዋን አይቶ ለመቁረጥ ነው፤ ከውጭ የመጣች ዘመድ ከሆነች በዶላር፣ የሠፈር ልጅ ከሆነች በብር። መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ አልቃወምም። መነሻውን ዋጋ መደበቅ ግን ገዢዋን ከመጀመሪያው እንድትጠራጠር ያደርጋታል። ዋጋችሁን ጻፉ። የፈለገች ትከራከር።

ገንዘቡ በስልክ መሄዱ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ሀርጌሳ ላይ የቴሌሶም ዛድ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ ወጃሌ አጠገቡ ናት። በክልላችን የሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ሄሎካሽን ያስለመደን ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመምጣቱ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው፤ ተቋሙም ዛሬ ሸበሌ ባንክ ሆኗል። ኢብር መጣ፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ ኤምፔሳ ተጨመረ። እናቶቻችን የባንክ በር ሳይረግጡ ብር መላክ ለምደዋል። አጭበርባሪውም ለመደ። የከፈለ መስሎ ስክሪንሾት የሚልክ አለ፤ ቁጥሩን በስልኩ ላይ ለውጦ የሚያቀነባብር አለ፤ ከባንክ የመጣ የሚመስል መልእክት ራሱ ጽፎ የሚልክ አለ። ሰርግ ሲደራረብ፣ ሻጯ ሲጨንቃት፣ ሹፌሩ "ሞልቻለሁ፣ ልሂድ" እያለ ሲጮህባት ነው አጭበርባሪው የሚመጣው። ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ቀሪውን ሳታዩ ዕቃ ከእጃችሁ አይውጣ፤ ላኪው የአጎት ልጅ ቢሆንም። የአጎት ልጅ ከሆነማ ሁለት ጊዜ እዩ።

ቀጥሎ ስለ ዕቃው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የብር ዋጋ በአንድ ጊዜ ወረደ። ከዱባይ አባያ የሚያስመጡ፣ ከቻይና ቦርሳ የሚያስመጡ እህቶች በአሮጌው ዋጋ ሸጠው አዲሱን መግዛት አቃታቸው። የሸጡት ዕቃ ትርፍ አምጥቶ ካፒታላቸውን በላው። በዚያ ላይ ያንኑ አባያ፣ በዚያው ፎቶ፣ አንድ ሺህ ሰው ይሸጠዋል። ከሌላው የሚለያችሁ ምንድን ነው?

እኔ ብሆን ቃሲል እሸጥ ነበር። የቁርቁራ ዘመድ ከሆነው ከጎብ ዛፍ ቅጠል ተፈጭቶ የሚገኘው ዱቄት፣ አያቶቻችሁ ፊታቸውን የታጠቡበት፣ ዛሬ በለንደንና በሚኒያፖሊስ በትንንሽ ማሰሮ እየታሸገ በቲክቶክ ይሸጣል። ዛፉ እኛ ጋ ነው ያለው፤ ስሙንና ማሸጊያውን የያዙት ሌሎች ናቸው። ሙቅማዱንም አስቡት፤ በቅቤ ተጠብሶ የሚቀመጠው ሥጋ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ መንገድ ይችላል፣ አዲስ አበባ ቦሌ ሚካኤል ያለ የሶማሌ ቤተሰብ እየናፈቀው ይኖራል። የግመል ወተት ግን እንደዚህ አይደለም፤ ካልቀዘቀዘና ካልታሸገ ሩቅ አይሄድም፤ የብዙ ሴት ኅብረት ይጠይቃል እንጂ ለአንድ ስልክ አይሆንም። የኡንሲ ነገር አስቸጋሪ ነው፤ ሽታ በስልክ አይሄድ። ያቺ የጅግጅጋዋ ነጋዴ ዘዴ አላት፤ ለአዲስ ደንበኛ ከልብሱ ጋር ለአንድ ደብቃድ ማጨሻ የሚበቃ ቁንጥር ኡንሲ ታስቀምጣለች። ቤቱ ሲታጠን ልጅቷ ራሷ ትደውላለች።

የምትነግዱበት ገበያ ሁሌ ክፍት አለመሆኑንም እወቁ። በሐምሌ 2010 መጨረሻ ጅግጅጋ ሲታመስ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በሰኔ 2012 መላው አገር ለሳምንታት ተዘጋ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ቆዩ። ደንበኞቿን ቴሌግራም ላይ ብቻ ያስቀመጠች ነጋዴ በእነዚያ ወራት ሱቋ ላይ ሌላ ሰው ቁልፍ ያስገባበት ያህል ነበር። የደንበኞቻችሁን ስልክ ቁጥር በደብተር ያዙ። መደወያውንም አትርሱ፤ የስልክ ታክሲ አገልግሎቱን ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ መተግበሪያ ሠርታ ሳለ 8294 ላይ ደውሎ መኪና የሚጠራበትን መንገድም አዘጋጅታለች። ስማርት ስልክ የሌለው ተሳፋሪ፣ ዳታ ያለቀበት ተሳፋሪ ደውሎ መኪናውን ያገኛል። ደገሀቡር ላይ ከዚያ የበለጠ እውነት ነው፤ ብዙ እናቶች የሚይዙት ቁልፍ ያለውን ስልክ ነው። ድምፃቸውን አትናቁ።

መነሻ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለዚህ አንድ መልስ አለን፤ ሀግባድ። አማርኛ ተናጋሪው ዕቁብ ይለዋል። ዋስትናው ሰው ነው፣ ወለድ የለውም፣ ናይሮቢም ሚኒያፖሊስም ይሠራል። ናይሮቢ ኢስሊ ላይ ጋሪሳ ሎጅ የሚባለው ቤት በ1980ዎቹ ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ያረፉበት ሆቴል ነበር፤ መኝታ ክፍሉ ቀን ቀን ሱቅ ሆነ፣ ሆቴሉም የገበያ ማዕከል ሆኖ ቀረ። ዛሬ መኝታ ቤቷ ውስጥ ሆና በስልክ የምትሸጥ ልጅ የእነዚያ ሴቶች ወራሽ ናት። የሀግባድ ድክመቱ ተራ መጠበቁ ነው፤ ሰርግ ሲደርስ ዕጣው ላይወጣ ይችላል። የስልክ ብድር አለ፤ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር መላና እንደኪሴ የሚባሉትን አምጥቷል። ወለድ የማትነካ እህት ከወለድ ነፃ የሚሠራ ባንክ ሄዳ ስለ ሙራባሃ ትጠይቅ፤ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ ለእሷ በየጊዜው ተከፍሎ በሚያልቅ ዋጋ የሚሸጥበት መንገድ ነው። ባንኮቹ ደግሞ ከዚህች ነጋዴ ቤት ካርታ መጠየቅ ትተው የሁለት ዓመት የሄሎካሽ እንቅስቃሴዋን ቢያዩ ምን ይጎዳቸዋል? ከካርታው የበለጠ ይነግራቸዋል።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በስልክ የተለዋወጣችሁት መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ አያጣም ይላል። ስለዚህ የድምፅ መልእክቱን አታጥፉ። "እልካለሁ" ያለ፣ "ደርሶኛል" ያለ፣ ቃሉ እዚያ አለ። ሽማግሌ ፊትም ቢሆን ይሰማል።

አሁን መጀመሪያ ልጠይቀው የነበረውን፣ ለመጨረሻ ያቆየሁትን ልጠይቅ። እጃችሁን አታውጡ፤ በልባችሁ መልሱ። የምትነግዱበት ሲም በማን ስም ነው የተመዘገበው? ሄሎካሹ፣ ቴሌብሩ በማን መታወቂያ ተከፈተ? የቲክቶኩን የይለፍ ቃል ማን ያውቀዋል? ገጹን ያቋቋመላችሁ ወንድም ወይም የእህት ልጅ ዛሬ ቢኮርፍ ነገ ጠዋት ትገባላችሁ? በየከተማው ያየሁት አንድ ዓይነት ነው፤ አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ሱቅ የአንድ ሴት ድካም ሆኖ፣ ቁልፉ ግን ኮሌጅ በሚማር ልጅ ኢሜይል ውስጥ ነው። ሲሙ በባል ስም ነው። ትዳር ሲፈርስ ወይም ልጁ ወደ ውጭ ሲሄድ ሱቁ አብሮ ይሄዳል። ፍርድ ቤት ምን ብላ ትከሳለች? ስሟ የትም የለም።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 1284/2015፣ ለዚህ ነው የሚጠቅማችሁ። ፋይዳ መታወቂያ አውጡ። ሲሙን በስማችሁ አዙሩ፤ የገንዘብ ሒሳቡን በስማችሁ ክፈቱ። ንግድ ፈቃድ እንዳታወጡ የሚያስፈራችሁ ግብሩ ከሆነ፣ ፈቃድ የሌላት ነጋዴ ባንክ በር ላይ የምታጣው ከግብሩ እንደሚበልጥ አስሉ።

ለእናንተ ለወንድሞች አንድ ነገር ልበልና ልውረድ። እህቶቻችሁን ስልክ ያስተማራችሁ፣ ገጽ የከፈታችሁ፣ ፎቶ ያነሳችሁ እናንተ ናችሁ፤ ምስጋና ይገባችኋል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት፣ ማስመለሻ ኢሜይሉንም ወደ እሷ ቀይሩት። ሹፌሮችም አላችሁ እዚህ፤ አደራ ስትቀበሉ ነጋዴዋ ታርጋችሁን ፎቶ ስታነሳ አትቆጡ።